አንድ ንጹሕ ከረጢት

በአሜሪካ ነባር ሕዝብ በሞሂካን ማኅበረሰብ ውስጥ ያለው ትንሹ ቲያትር ቤት በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ለመግቢያ በገንዘብ ፋንታ የተቀበለው ልብስ ነበር። ልብሱ የሚሄደው ከባሎቻቸው ሸሽተው በሴቶች አገልግሎት ቤት ለተጠለሉ እናቶች ነው። ባሎቹ እንዳይደርሱባቸው የቤቱን አድራሻ የምታውቀው ልብሱን የምትወስደው ሊዮና ብቻ ናት።

በር ላይ የቆመችው ሴት ጓንት አጥልቃ ትለያለች። ብብቱ የወየበ ሸሚዝ፣ እድፉ የደረቀበት የውስጥ ሱሪ፣ የውሻ ፀጉር የያዘ ብርድ ልብስ።

«ሰው ለተቸገረ የሚሰጠው ይኼን ነው?» አለች።

«አምና ከአንዱ ኪስ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝቻለሁ» አለች ሊዮና።

ከዚያ አንድ ሰውዬ መጣ። ከረጢቱ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ቀሚሶቹ ተተኩሰዋል፤ ቀዩ ካፖርት አዲስ ይመስላል።

«ምነው ሁሉም እንደ እርስዎ በሆነ» አለችውና ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ትርኢቱ አልቆ ሲጨበጨብ ከረጢቶቹን የሊዮና መኪና ላይ ጫኑ። ሴትየዋ ጓንቷን አውልቃ ቀዩን ካፖርት ደባበሰችው። ጫፉ ላይ የሚቆረቁር ነገር አለ፤ ስፌቱም አዲስ ነው። ተረተረችው። ድምፁ የጠፋ ትንሽ ስልክ ወጣ፤ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ያለበትንም ቦታ ለሌላ ስልክ እያሳየ ነው።

በተከፈተው በር ወደ አዳራሹ አየች። ፊት ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ሊዮና ሞተሩን አስነስታ፣ «በይ እንግዲህ፣ የኔ እህት፣ ልሂድ» አለቻት።

ከኋላ የቆመ ሌላ መኪናም ተነሳ።

«ሞተሩን አጥፊው» አለች ሴትየዋ፤ ጓንቷንም መልሳ አጠለቀች።