ክፍል ሦስት

አቶ በላይነህ የማይጸየፈው ነገር ጥቂት ነው። ጫት ቃሚ ጉንጩን ወጥሮ ሲያናግረው ፊቱን ያዞራል፤ ሰው ከጨበጠ በኋላ እጁን በመሐረብ ይጠርጋል። ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ አሰበ ተፈሪ በጸሐፊነት ከተቀጠረ ስድስት ዓመቱ ነው። ስድስቱንም ዓመት አፍንጫውን እንደያዘ ኖሯል ማለት ይቻላል።

ቤቱን ግን አይጸየፍም። ቤቱ ደግሞ የእሱ አይደለም፤ ሚስቱ ሣህሊቱ ከአባቷ የወረሰችው፣ ሐረር መንገድ ዳር ያለ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሣህሊቱ ብትለየው በላይነህን የሚጠብቀው ትኋን የሰፈረበት የኪራይ ክፍል ነው። ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ በየወሩ በደሳ ከተማ ላሉት እናቷ ደብዳቤ ይጽፍላታል፣ ያነብላታል፤ እሷም አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ከሥሩ ታትማለች።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ዘይኑዲን የተባለ ነጋዴ የቡና መጋዘኑን ሲኒማ ቤት አደረገው። ድሬዳዋ የተማረ፣ ሽቶ የሚቀባ፣ ሴት ሁሉ «ዘይኑ» የሚለው ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከተማው ተጠራርጎ እዚያ ይገባል። ሣህሊቱም ገባች።

«ደግሞ አያልቅም» ይል ነበር በላይነህ ለቢሮ ጓደኞቹ። «የህንዱም ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት አለው። የጣሊያኑ ጡንቸኛም እንደዚያው። የግብጿ ሙሽራ በክፍል አንድ ታገባለች፣ በክፍል ሁለት ትፈታለች። በክፍል አንድ ገደል የገባ ሽፍታ በክፍል ሁለት ጢሙን ተላጭቶ ይመጣል። የተዘጋ መዝገብ እንዲህ ይከፈታል?»

መጀመሪያ ቅዳሜ ሣህሊቱ የህንዱን ፊልም እራት እስኪቀርብ ተረከችለት። ሁለት ወንድማማቾች ገበያ መሐል ተጠፋፍተው ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ወሬዋ አጠረ።

«ክፍል ሁለት እንዴት ነበር?» አላት፣ በሌላው ቅዳሜ።

«ይከብዳል።»

«ወንድማማቾቹስ ተገናኙ?»

«ገና ናቸው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ጣቶቿ ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር። ምን እንደሆነ ሲጠይቃት «አቧራ ነው እንጂ» አለችው። አቧራ እንዲህ አይነጣም። ዘይኑዲን ሱቅ ውስጥ ግን የሴት ፑድራ በየዓይነቱ ተደርድሯል።

ከዚያ ሳምንት አንድ ቀን ከገበያ አብረው ሲመለሱ ሣህሊቱ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ህንዱ ደረቱን ገልጦ ይስቃል፣ ከሥሩ የሚታይበት ቀን በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሣህሊቱ ትክ ብላ እያየች ከንፈሯን ያለ ድምፅ ታንቀሳቅስ ነበር። ያገባች ሴት፣ በአደባባይ፣ ለወንድ ሥዕል። በላይነህ እጅጌዋን ጎተታት።

«ቅዳሜ ክፍል ሦስት ነው» አለችው፣ ከሕልም እንደነቃች ሁሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። በላይነህ ከወጣች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነሥቶ ተከተላት። መጋዘኑን የላብና የጫት ገራባ ሽታ አፍኖታል። የተተፋው ሁሉ ከጫማው ሥር ይጣበቃል። ጂብሪል፣ የፊልሙ አስተርጓሚ፣ ዱላ ይዞ ፊልሙ ከሚታይበት አቡጀዲ አጠገብ ቆሟል፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ይለፈልፋል። ህንድኛ አንድ ቃል እንደማያውቅ የታወቀ ነው።

በላይነህ ወንበሩን አንድ በአንድ አየ። ሣህሊቱ የለችም። ፊልሙ ተበጥሶ ሲቆም ወደ ጂብሪል ጠጋ አለ።

«ባለቤቴን አይተሃታል?»

«ሣህሊቱን? እሷማ ክፍል ሦስት ናት።»

«ይኸ አይደለም እንዴ ክፍል ሦስት?»

«ይኸ የፊልሙ ነው» ብሎ ሳቀ ጂብሪል። በዱላው ወደ ጓሮ፣ ዘይኑዲን ለሾፌሮች ወደሚያከራያቸው ክፍሎች አመለከተ። «አንድን ጨረሰች፣ ሁለትን ጨረሰች፣ ዛሬ ሦስት ገባች። ወላሂ፣ ጎበዝ ናት። ዘይኑ ራሱ ይመሰክራል።»

በላይነህ በጓሮ ዞረ። በሮቹ ላይ ቁጥር ተቀብቷል። ከሦስተኛው በር ዘይኑዲን ከኮቱ እጅጌ ላይ ነጭ ዱቄት እያራገፈ ወጣ። ከኋላው የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ አንዲት ብቻ አይደለችም፣ አምስት ስድስት ይሆናሉ፣ ባንድነት ያዜማሉ። ምን እንደሚሉ ግን እንደገና የተነሣው የፊልሙ ጩኸት ዋጠው።

ገብቶ መደባደብ ነበረበት። አልገባም። ቅሌቱ ቢወጣ ሣህሊቱ ዘይኑዲን ጋ ትሄዳለች፣ ቤቱም አብሯት ይሄዳል። እጁን ጠርጎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሚያምረው እጅ ጽሑፉ አንድ ገጽ ሞላ፤ ሣህሊቱ የአባቷን ቤት ወዳና ፈቅዳ ለባለቤቷ ማስተላለፏን የሚገልጽ ውል። ከዚያ ጠራት።

«ለእናትሽ ጽፌልሻለሁ፤ ላንብብልሽ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ለውድ እናቴ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሚቀጥለው ወር መጥቼ አይዎታለሁ።› በቃ፣ ይኸው ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሣህሊቱ። «እስቲ ልየው።»

«ምኑን ታይዋለሽ? አውራ ጣትሽን አምጪ።»

የማኅተሙን ቀለም ከፍቶ ጣቷን የሚይዝበትን መሐረብ ዘረጋ። ሣህሊቱ ግን ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ ብዙ ቆየችበት። ከዚያ ጥፍራቸው ሥር የጠመኔ ብናኝ በቀረ ጣቶቿ ብዕሩን ከእጁ ወሰደችና ከእሱ ጽሑፍ ሥር በትልልቁ፣ በተጣመመ ፊደል ጻፈችበት፦

«እናቴ የለችበትም። ቤቴ አለበት።»