ከባዱና ቀላሏ

ተውፊቅ እትዬ ዐሊማን በደላቸው። ስማቸውን እንኳ ሳይጠይቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የአላህን ስም ጠርቶ በደላቸው።

ተውፊቅ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ የኮምፒውተር ሱቅ አለው። ጫማው ሁልጊዜ ያበራል፤ ምላሱ ደግሞ ከጫማው ይብሳል። ያን ሳምንት ሐሳቡ ሁለት ነበር። አንዱ፣ እሑድ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዘመድ ሠርግ ላይ አንዴ አይቶ እንቅልፍ ያጣላትን ፊርደውስ የምትባል ልጅ ሊጠይቁለት። ሌላው፣ መደርደሪያው ላይ ዓመት ሙሉ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው፣ ሞባይል ዎርክስቴሽን የሚባል ከባድ ላፕቶፕ ነው። እሱ ካልተሸጠ የኒካው ወርቅ አይገዛም።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ዐሊማ ዘንቢል አንጠልጥለው ገቡ።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ቻርጀር ነው?» አለ ከስልኩ ቀና ሳይል።

«ላፕቶፕ ነው ልጄ፣ ለሴት ልጅ። ሒሳብ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ደብዳቤ መጻፍ፣ ደመወዝ መሥራት፣ በቃ ይኸው ነው። በታክሲ ትመላለሳለች፣ ትከሻዋን ያማታል። መሥሪያ ቤቷ ደግሞ መብራት ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል።»

እንዲህ አድርጎ ጉዳዩን አጥርቶ የተናገረ ደንበኛ ወደዚያ ሱቅ ገብቶ አያውቅም። ለዚህች ልጅ የምትሆናት ቀጭኗ ቢዝነስ ላፕቶፕ መሆኗን ተውፊቅ ዐይኑን ጨፍኖ ያውቃል። ክብደቷ ከኪሎ ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ባትሪዋ ቀኑን ሙሉ ይውላል። እሱ ራሱ የሚሠራባት እሷው ናት፤ ያኔም ጠረጴዛው ላይ ተከፍታ ነበር።

እጁ ግን ወደ መደርደሪያው ሄደ።

«የርስዎ ይኸ ነው!»

እትዬ ዐሊማ አንስተው መዘኑት። «ይኸማ ለአህያ ነው።»

«ጥንካሬው ነው እናቴ።»

«ለማን ተብሎ ነው የተሠራው?»

«ለመሐንዲስ፣ የሕንፃ ንድፍ ለሚሥል፣ ፊልም ለሚያቀናብር። ሕንፃ የቻለ ማሽን ደመወዝ ያቅተዋል?»

«ባትሪውስ?»

«እሱ እንግዲህ እንደ አያያዙ ነው።» ሁለት ሰዓት አይሞላም።

«ይኸ ጡብ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቻርጀሩ ነው። በነፃ ነው፣ ምርቃት!»

አመስግነው ወጡ። ወጡና መንገዱን ተሻግረው ፊት ለፊት ሀፊዝ ሱቅ ገቡ።

ሀፊዝ ሸሚዙን የማይተኩስ፣ ዋጋ ሲጠራ እሱው የሚያፍር ልጅ ነው። ያን ሰሞን እሱም ሽማግሌ ልኳል ይባላል፤ ተውፊቅ ይህን ሲሰማ «የማን ልጅ ተፈርዶባት ነው?» ብሎ እስኪያስለው ስቋል። አሁን በመስታወቱ ቢመለከት ሁለቱ ረዥም ወሬ ይዘዋል። ሴትዮዋ ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ። ሀፊዝ በጣቱ ወደ ተውፊቅ ሱቅ ያመለክታል።

«ነቃሁባት!» አለ ተውፊቅ፣ ጎረቤቱን ልብስ ሰፊውን ብሩን ጠርቶ። «የሀፊዝ አክስት ናት። ልትሰልለኝ ነው የመጣችው።»

«በምን አወቅክ?»

«ገዢ ደብተር ይዞ ይዞራል እንዴ?»

ሐሙስ እትዬ ዐሊማ ተመልሰው መጡ። ገና ሳይቀመጡ የተውፊቅ ስልክ ጮኸ። «እማዬ» ይላል። ዘጋው። ደግሞ ጮኸ፤ ደግሞ ዘጋው። እትዬ ዐሊማ ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጫር አደረጉ።

«ማዶ ያለው ልጅ ቀጭኗን ይግዙላት ብሎኛል» አሉ።

«እሱ ጋ ስላለች ነዋ!»

«እሱ ጋ አልቃለች። ከተውፊቅ ይግዙ ነው ያለኝ።»

ተውፊቅ በመስታወቱ ወደ ማዶ አየ። ወዲያው ተንኮሉ ተገለጠለት፤ ሀፊዝ ከባዱ ሳይሸጥ እንዲበሰብስበት ፈልጎ ነው! ዐጃኢብ ነው የሰው ክፋት።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ ልጄ። ለሚስትህ ብትገዛ የትኛውን ትገዛላታለህ?»

«ወላሂ፣ ለሚስቴ ብገዛ ይኸንኑ ነው!» ከባዱን መታ መታ አደረገው።

«ምለሃል?»

«ወላሂል ዐዚም!»

እትዬ ዐሊማ ደብተራቸውን ዘጉና ከባዱን ገዙ። ሳይከራከሩ! ተውፊቅ ከደስታው ብዛት ደረሰኙ ላይ የገዢን ስም ሳይጽፍ ተወው። ሴትዮዋ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው፣ ወደ አንድ ጎን አጋድለው ወጡ። ይህን ጊዜ ሀፊዝ ከሱቁ ሮጦ ወጣና ዘንቢሉን ተቀብሎ እስከ መናኸሪያ ተሸከመላቸው።

«አላልኩህም?» አለ ተውፊቅ ለብሩ። «አክስቱ ባትሆን ይሸከምላት ነበር?»

ከዚያ ወዲያ የፈራው አንድ ነገር ነው፤ ሴትዮዋ ዕቃውን ይዘው መጥተው ሱቁ ውስጥ እንዳይጮኹበት። ዐርብ አልመጡም። ቅዳሜም አልመጡም። ቅዳሜ ከሰዓት ወርቁን ገዛ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ በአጎቱ በሰይድ መሪነት ኮምቦልቻ ወረዱ። ተውፊቅ ሱቁን ከፍቶ፣ ጫማውን ሁለቴ አስጠርጎ ይጠብቃል። ገና ከአሥር ሰዓት በፊት ሰይድ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ነበር የሚራመደው።

«ምን አሉ አጎቴ? ቀን ቆረጡ?»

ሰይድ የያዘውን ዘንቢል ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው፤ ጠረጴዛው ሲጥ አለ።

«የልጅቱን እናት እትዬ ዐሊማን ታውቃቸዋለህ መሰለኝ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ቃሌን ሳትቀንሱ አድርሱልኝ ብለዋል። እንዲህ ነው ያሉት፦ ‹ለሚስቴ ብገዛ ይኸንኑ ነው ብለህ ምለሃል፤ እንግዲያው ለሚስትህ አስቀምጥላት። ገንዘቤን ግን ዛሬውኑ መንገዱን ተሻገርና ለአማቼ አስረክብልኝ።›»