ሳይሸኙ የዘጉበት

ሌላው ሰው ቆፈን የሚለው ጣት የሚያደነዝዘውን ብርድ ነው። በእናታችን አገር ግን ቆፈን ማለት ቀዝቃዛው ነፋስ ራሱ ነው፤ ቤት ከገባ ደግሞ በር አይዘጋበትም። መጀመሪያ «ቆፈን፣ ውጣ» ተብሎ ይሸኛል፤ በሩ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።

አናጺው ታናሽ ወንድሜ ይህን እያወቀ፣ ዛሬ ጠዋት ለታመመችው እናታችን ብሎ አዲስ በር ገጠመና ነፋሱ እየገባ ሳለ ዝም ብሎ ጠረቀመው። ስንጥቁንም ሁሉ ደፈነ። ከዚያ ወዲህ የምድጃው እሳት በለኮስኩት ቁጥር ይጠፋል፤ መጋረጃው ይርገበገባል፤ እናቴ ብርድ ልብስ ደራርባ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ሳትሸኙት ዘጋችሁበት?» አለች ከአልጋዋ።

ደሜ ፈላ። «ሂድ ክፈትና አስወጣው» አልኩት።

«እትዬ፣ በር የሠራሁት ከነፋስ ጋር ላወራ ነው?»

«ቀልድህን ለደንበኞችህ አቆይ። ሂድ አልኩህ።»

እየተነጫነጨ መቀርቀሪያውን ስቦ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ውጭ ፀሐይ ነው፤ የግቢው ዛፍ አንዲት ቅጠል እንኳ አትነቃነቅም።

«አቶ ቆፈን፣ ይበሉ ይውጡልን፤ እህቴ ተቆጥታለች» አለ እኔን ለማብሸቅ።

በሩ ድርግም ብሎ ተዘጋ። ዛሬስ አልምረውም ብዬ ዞርኩ። ወንድሜ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ከበሩ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነበር። መቀርቀሪያው ግን በእኛ በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ገባ።