የአመቻቿ ቤት

የቀበሌው ሽማግሌ ጋሽ ወልደ ጻድቅ የመጀመሪያውን ችካል በድንጋይ ይመታሉ። ፀደንያ የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ ታያለች። ልሰናበት ብላ መጥታ ቤት ሲሠራላት ሰው ምን ይላል? እሷም አታውቅም።

የቀበሌው ሕፃናት አንደኛ ክፍል እስኪገቡ የሚውሉት እሷ ዘንድ ነው። ፊደል ታስቆጥራለች፣ ንፍጥ ትጠርጋለች፣ ሽንት ያመለጠውን ታጥባለች። ወረዳው ግን መምህርት አይላትም፤ «አመቻች» ነው የሚላት። አመቻች ደመወዝ የላትም፤ ወላጅ እንደ አቅሙ ያዋጣላታል። ዘንድሮ ደግሞ ወላጅም አቅም አጣ። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሥራ አግኝታለች፤ ነገ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች።

ይህንኑ ልትነግራቸው ነበር ዛሬ ወላጆቹን የሰበሰበችው። ወሬው ቀድሟት ኖሯል። እያንዳንዳቸው ለጣራ ክዳን የሚሆን አንድ አንድ ሸክም የጓሳ ሣር በአህያ ጭነው መጡ። የጓሳው ሜዳ ለዓመታት ተከልሎ ቆይቶ ለአጨዳ የተፈቀደው ገና አሁን ነው፤ ድርሻውም ለአገሩ ተወላጅ ብቻ ነው። ፀደንያ የመርሐቤቴ ልጅ ናት፤ አንድ ጭብጥ እንኳ አይደርሳትም።

«ቤት ከሠራንላት ወዴት ትሄዳለች?» አሉ ጋሽ ወልደ ጻድቅ፣ እሷን ሳይሆን ሰዉን። «ለየኔታስ እንዲሁ አይደል የሠራን? ደመወዝ ብለው ያውቃሉ?»

ሰዉ ሁሉ «ደግ ብለዋል» አለ። ከሁሉም ይልቅ ደስ ያለው ከወረዳ የመጣው ባለሙያ፣ አቶ ፍሬአብ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» አለ። ይህን ሳይተርት ከገጠር የተመለሰ ባለሙያ የለም።

«የደመወዜስ ነገር?» አለች ፀደንያ።

«ለመደቡ በጀት አልተያዘለትም እኮ፣ እህቴ። ደግሞ አሁን ችግሩ በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ተፈታ። እኔም እንዲሁ ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው።»

«ቤት አይበላም፣ አቶ ፍሬአብ።»

«ለከርሞ እናያለን» አለና ስልኩን አውጥቶ የሣሩን ክምር ፎቶ አነሳ።

ፀደንያ ተናደደች። በፍሬአብ መናደድስ ቀላል ነው። የከበዷት እትዬ ደብሪቱ ናቸው። ቤታቸውን ታውቀዋለች፤ ጣራው ያፈሳል፣ ልጃቸው ሐና ዝናብ ባደረ ቁጥር ክፍል የምትመጣው በእርጥብ ልብስ ነው። እሳቸውም እንደ ሰዉ ሸክማቸውን አራገፉ።

«እትዬ፣ ይህን ለራስዎ ጣራ ያድርጉት» አለቻቸው ጠጋ ብላ።

«ተይ እንጂ! የኔን ጭድ አለብሰዋለሁ። አንቺ ከሄድሽ ሐናን ማን ይይዝልኛል? አዝያት ልጨድ ነው?»

ከዚህ በኋላ «እሄዳለሁ» ማለት አሳፈራት። «እቀራለሁ»ም አላለች። የጠየቃትም የለም።

ጋሽ ወልደ ጻድቅ የበሩን ችካል ይዘው ቀና ይላሉ።

«ልጄ፣ በሩን ወዴት እናዙርልሽ? እኛስ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ብለናል፤ ከነፋስ የተከለለ ነው።»

ዛሬ አንድ ነገር ሲጠይቋት ይህ የመጀመሪያው ነው። ፀደንያ ሣሩን ታያለች፣ ሰዉን ታያለች።

«በመኪናው መንገድ በኩል፣ ሚኒባሱ በሚያልፍበት» ትላለች።

«በዚያማ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ብርድ ይገባብሻል።»

«ይግባ።»

ሽማግሌው ትንሽ ያዩዋታል። ከዚያ ዞረው ይሄዱና ችካሉን በመንገዱ በኩል ይተክላሉ።