ካፒቴን ቁልፉን ሲጫን

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የዕቃ ማጓጓዣ ቢሮው አዲስ ኃላፊ ስልክ ተቀባይዋን እያየ የእጅ ሰዓቱን ቁልፍ ተጫነ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተጫነና ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ስልክ ተቀባይዋ ያየችው ሁለተኛውን ብቻ ነው። እሱም በቃት።

ኃላፊው ጡረታ የወጣ አብራሪ ስለሆነ ቢሮው በሙሉ “ካፒቴን” ይለዋል። ሰዓቱም የአብራሪ ነው፤ ጥቁር ፊት፣ በውስጡ ሦስት ትንንሽ ክቦች፣ ጎኑ ላይ ሰከንድ የሚያስነሱና የሚያስቆሙ ቁልፎች። የሁለት አገር ሰዓት ይቆጥራል። ቢሸጥ መኪና ይገዛል ይባላል፤ ማን ዋጋውን እንደጠየቀ ግን አይታወቅም።

“ሰዓቱ ላይ ያለችው ቀይዋ ቆጣሪ የውጭ አገሩ ዋና መሥሪያ ቤት ሰዓት ናት” አለቻት ከአጠገቧ የምትሠራው እትዬ መዝገብ፤ ስሙ የወጣላት ከፋይሎቹ ነው። “እነሱ ሥራ ሲገቡ የእኛን ጉድ ይልክላቸዋል።”

“የእኔ ጉድ ደግሞ ምንድን ነው?”

“በሐሳብ መንጎድሽ ነዋ። ትናንት ሁለቴ ጠርቼሽ ዝም። ፍቅር ከሆነ ንገሪኝ፣ ለሠርጉ ቀሚስ ላሰፋ።”

“ፍቅርማ ጊዜ ይፈልጋል እትዬ። ጊዜዬን ካፒቴን ይዞታል።”

የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ቋሚ ካልሆነች ወደ እናቷ ቤት መመለሷ ነው፤ ይህን ለጠላቷም አትመኝም።

ስለዚህ ቆረጠች። ሻይ ተወች፤ ድሮም ሳትጠጣው ይቀዘቅዝባት ነበር። መጸዳጃ ቤት የምትሄደው ካፒቴን ስብሰባ ሲገባ ሆነ። ደንበኞች “ስልካችሁ ወሬ መሐል ይቋረጣል” ብለው ሲያማርሩ ቴክኒሻን አስጠራች። ሰውየው መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሾ፣ “ይሄ እኮ ከእኔ ቤት መስመር ይሻላል” ብሏት ሄደ።

ካፒቴን ግን መጫኑን አልተወም። ሰኞ ሁለቴ፣ ማክሰኞ ሦስቴ።

“አንድ ቀን እንኳ ሲጀምር አልያዝኩትም” አለች።

“አብራሪ አይደል፣ ከደመና ውስጥ ነው የሚመጣው” አለች እትዬ መዝገብ።

ረቡዕ ጠዋት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አስጠራት። በዋናው መንገድ በኩል ባለው መስኮት ሥር ቆሞ ነበር። ሰዓቱ ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ፖስታ።

“ጋሼ፣ ስለ ሥራው ከሆነ አስተካክላለሁ” አለች ሳትጠየቅ።

“ቁጭ በይ ልጄ” አለና ፖስታውን ገፋላት። “ዛሬውኑ አድርሺው።”

የስንብት ደብዳቤዋን ራሷ እንድታደርስ መታዘዟ ገረማት። አገላብጣ አየችው። የሰው ኃይል አስተዳደር አይልም። “ለነርቭ ስፔሻሊስት ሐኪም” ይላል። ስትከፍተው ከሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ቀን፣ ሰዓትና ሰከንድ በመስመር በመስመር ተጽፏል። የመጨረሻው መስመር ቀለሙ ገና አልደረቀም።

“ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። መንገድ ስታቋርጥ መሐል ላይ ደርቃ ቆመች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። አንድ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳታት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ መንገዷን ቀጠለች።”