በጓንት አይሰጥም

ፉሚኤ ጣቷን ወለሉ ውስጥ ከተቀበረው የጨርቅ ማቅለሚያ ጋን አውጥታ ምላሷ ላይ አሳረፈችው። ከባሕር ማዶ የመጡት ስምንት እንግዶችም ጋኑን ከበው ጣታቸውን እየነከሩ ላሱ። ወንድሟ ሞሪሂሳ ሁልጊዜ በሩ ላይ ሲቀበላቸው የሚነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ እሷ የምታደርገውን ሁሉ አድርጉ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው።

ፉሚኤ ወዲያው እንትፍ አለች። እንግዶቹም ተራ በተራ፣ በጨዋ ደንብ፣ እንትፍ እንትፍ አሉ። ቀይ ባርኔጣ ያደረገች አንዲት ሸምገል ያለች ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ለፉሚኤ ግን ሳቅ ከየት ይምጣላት! ይህን የቀለም ጥንስስ ከእናቷ እጅ ተረክባ፣ ፉርሽካና የሩዝ መጠጥ እያበላች እንደ ልጅ ያሳደገችው ነው። ጣዕሙን ከራሷ ምራቅ ለይታ ታውቀዋለች። አሁን ምላሷን የነካው የፋብሪካ ዱቄት ነው፤ የተጫረ ክብሪት ይሸታል።

«ጋሼ» አለች፣ ለእንግዶቹ ጥርሷን እያሳየች፣ «ጋኑ ውስጥ ምን ጨመርክበት?»

ሞሪሂሳም ፈገግ አለ። ከሁለቱ በቀር ቋንቋቸውን የሚሰማ እዚያ አልነበረም፤ ፊት ግን ማንም ያነባል። «እኔ? እኔ ከጋን ምን አለኝ!» ከጠዋት ጀምሮ ያላወለቃቸውን፣ ለእንግዳ ክብር ነው ያላቸውን ነጭ ጓንቶች ከፍ አድርጎ አሳያት።

«ታዲያ አበባው የታለ?»

አበባ የሚሉት ጥንስሱ በሕይወት ሲኖር ከላዩ የሚቆመውን ሰማያዊ አረፋ ነው። ትናንት ክዳኑን ስትገጥም ነበረ። አሁን የጋኑ ፊት እንደ ረጋ እጣቢ ዝም ብሏል።

«አርጅቷላ! ሰውም ያረጃል እኮ።»

«በአንድ ሌሊት?»

«ሳቅ በይ እንጂ፣ እያዩሽ ነው።» ወደ እንግዶቹ ዞር ብሎ በነሱ ቋንቋ አንድ ነገር አላቸው። ምን እንዳላቸው ፉሚኤ አልገባትም፤ ሁሉም ግን በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

እናታቸው ስትሞት የተወችው አንድ ቃል ነበር። ጥንስሱ በሕይወት እስካለ ቤቱ የፉሚኤ ነው፤ ከሞተ ለበኩሩ ለሞሪሂሳ ያልፋል። የእናታቸውን ቃል ሁለቱም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ሰምተዋል። ሞሪሂሳ ደግሞ ጋኑን ከነጉድጓዱ በሲሚንቶ ደፍኖ፣ በባልዲ በሚበጠበጥ ዱቄት በአውቶቡስ የሚመጣ እንግዳ ማስተናገድ ካማረው ቆይቷል።

«በእናታችን ማልልኝ።»

«አጥንቷ ይውጋኝ፣ እጄ አልነካውም!» አለ፣ ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ። «ላይቀር ሞት ማንቋረር ምን ይባላል? ያው ሰማያዊ ሰማያዊ ነው፤ ማን ይለየዋል? በይ አሁን ጨርቃቸውን ይንከሩና ይሂዱ።»

ፉሚኤ ከመደርደሪያው ትንሽ ዋንጫ አውርዳ ውሃ ቀዳችበት። የምግብ መብያ እንጨት አንስታ ጫፉን በጥጥ ጠቀለለችው። ከዚያ ጋኑ አጠገብ ተንበረከከችና ግንባሯ ወለሉን እስኪነካ ድረስ ሰገደች።

ሞሪሂሳ ምን እያደረገች እንደሆነ ገባው። በአገራቸው ሰው ሲሞት ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ያረጥቡለታል፤ መጀመሪያ በኩሩ፣ ከዚያ ሌላው። የእናታቸውን ከንፈር ያረጠበ እሱ ነው።

«አንቺ ሴትዮ አበድሽ? ተነሺ!»

እንግዶቹ ግን ተንበርክከው ነበር፤ ስምንቱም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ሳይቀር። ባለ ባርኔጣዋ ባርኔጣዋን አውልቃ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ደፉ። የሚስቅ አልነበረም።

«የማደርገውን ሁሉ አድርጉ የምትላቸው አንተ ነህ» አለች ፉሚኤ። «በል ና፣ በኩሩ አንተ ነህ።»

ሞሪሂሳ ብቻውን ቆሞ ቀረ። አንድ ሁለት ቃል በነሱ ቋንቋ ሊናገር ሲጀምር ባለ ባርኔጣዋ ሴት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው። ፈቀቅ ብላም ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት። ምን ያድርግ? ተንበረከከ። እጁን ዘረጋ።

ፉሚኤ እንጨቱን ወደ ኋላ ሳበችው።

«በጓንት አይሰጥም።»

«ይበቃል፣ ፉሚኤ።»

«ለእናታችን በጓንት ነው የሰጠሃት?»

አሁን ፈገግታው ጠፍቷል። እንግዶቹን አየ፤ እነሱም በትዕግሥት ያዩታል። የቀኙን ጓንት አንድ አንድ ጣት እየሳበ አወለቀው።

ጥፍሮቹ እስከ ሥራቸው ሰማያዊ ነበሩ። የመዳፉ መስመር ሁሉ ሰማያዊ ነበር። እንዲህ ያለ ቀለም በሳሙና አይለቅም፤ ልጆች ሆነው እናታቸው ይህንኑ እየነገረች ከጋኑ ታባርራቸው ነበር።

ፉሚኤ ወንድሟን ጠላችው፤ እስከ ዛሬ ተናደደችበት እንጂ ጠልታው አታውቅም ነበር። እንጨቱን አቀበለችው።

ባለ ባርኔጣዋ ሴት የሞሪሂሳን እጅ አየችና ፊቷ በደስታ በራ። ጥንስሱን የቀመሰችበትን የራሷን ጣት ከጥፍሮቹ ጎን አድርጋ ሰማያዊውን አሳየችው። ይህን ያዩት ሌሎቹም ጣቶቻቸውን እያነሡ ፈገግ አሉለት።

በስምንቱ ሰማያዊ ጣቶች መካከል፣ ሞሪሂሳ የጋኑን ከንፈር አረጠበ።