የምሳ ዕቃው ክዳን

ጋሽ ቢያድግልኝ ታንኳ ላይ ሳላቸውን እንኳ የሚውጡ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። የጣና ዓሣ ኮሽታ አይወድም እያሉ ልጃቸውን ምንይችልን ሙያውን ያስተማሩት በጥቅሻ ነው። ዓይናቸው ታሞ ብዙ ዓመት ከተማ ተቀምጠው፣ አሁን ሲበራላቸው ወደ ሐይቁ ተመለሱ።

ምንይችል አንገቱን ደፍቶ ይቀዝፋል። የሚሠራበት የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ኮሽታ ሲሰማ የሚመጣ ዓሣ መርጦ አራብቶ ሐይቁ ውስጥ ከለቀቀ ቆይቷል። ዝምታው ከንቱ መሆኑን ለአባቱ መንገር አሳፍሮታል።

ምሳ ሲደርስ የምሳ ዕቃው ክዳን ከሽማግሌው እጅ አምልጦ መቅዘፊያው ላይ ተንቋቋ።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ፣ ደንግጠው። «አባረርኩብህ።»

ውሃው ግን ዙሪያቸውን ይፈላ ጀመር። ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ታንኳውን ከበቡት።

«ምን ፈልገው ነው?»

«ምግብ።»

«የጣቢያችሁ ናቸው?»

«የጣቢያውም የሐይቁም ናቸው፣ አባዬ። ተዋልደው አንድ ሆነዋል።»

«ክረምት የጉማራን ወንዝ ሽቅብ የሚወጡትስ? እነዚያ ጥላዬን እንኳ ይሸሹ ነበር።»

«አሁን የሚወጣ የለም።»

ሽማግሌው መረቡን አንስተው ጥቂት ያዙት። ከዚያ መልሰው አጠፉትና እንጀራቸውን ቆራርሰው ለዓሦቹ በተኑላቸው።

«ለልመና በመጣ ላይ መረብ አይጣልም» አሉ።

ሲመለሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ ያወሩ ጀመር። ምንይችል አባቱ ታንኳ ላይ ሲያወሩ ሰምቶ አያውቅም። ዝም ቢሉለት በወደደ፤ ዝም በሉ የሚልበት አፍ ግን አልነበረውም።